ሕፃኑ ወደ ቤት ሲመለስ፦ የጉዳይ አስተባባሪ ነርሶች ሚና

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ለወራት በሆስፒታል ታክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ የኦክስጅን መሣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል። መሣሪያውን ማን ያቀርባል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? በሳኒቬልና በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በሚያሳክሙባቸው እንደ ፓሎ አልቶው ሉሲል ፓካርድና እንደ ኦክላንዱ ቤኒዮፍ ባሉ የሕፃናት ሆስፒታሎች ይህን የሚያቀናጁት የጉዳይ አስተባባሪ ነርሶች ናቸው።

ሥራቸው መርፌ መውጋት አይደለም። ሐኪሙ ያዘዘውን ከመድን ድርጅቱ ያስፈቅዳሉ፤ መሣሪያው በወቅቱ መድረሱን፣ ወላጆችም አጠቃቀሙን መልመዳቸውን ያረጋግጣሉ። በምህንድስና እንደሚታወቀው፣ ብዙ ክፍል ያለው ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚላላው በመገጣጠሚያው ላይ ነው። በሕክምናም አንድ ፈቃድ ቢዘገይ ሕፃኑ ድኖም ሆስፒታል ውስጥ ሊቆይ፣ ዝግጅቱ ሳይሟላ ቢወጣም ተመልሶ ሊተኛ ይችላል።

እነዚህ ነርሶች ቤተሰቦችን ወደ ሕዝባዊ ድጋፍም ይመራሉ። እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተው የካሊፎርኒያ የሕፃናት አገልግሎት ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑና የሕመምና የገቢ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ልጆች የሕክምና ወጪ ይሸፍናል።

ስለዚህ ልጅዎ በተኛበት በመጀመሪያው ቀን «የጉዳይ አስተባባሪ ነርሳችን ማን ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። የአማርኛ አስተርጓሚም ያለክፍያ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ፤ የመድኃኒት መጠንን የመተርጎም ኃላፊነት በታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ ላይ ሊወድቅ አይገባም።