አምስት ሺህ አምፔር

የእህቴ ልጅ ለክረምት ዕረፍት ሰላ ድንጋይ ሲመጣ ለእናቱ ቤት አንድ ነገር ሊሠራ አስቦ ነበር፤ ቁልፉ ሲነካ በርቶ፣ ጥቂት ቆይቶ በራሱ የሚጠፋ መብራት። ዕቃው የሚገዛው ደብረ ብርሃን ወርዶ ነውና፣ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሰርኪዩቱን በላፕቶፑ ላይ፣ ኤልቲስፓይስ በሚባል የሰርኪዩት መሞከሪያ ሶፍትዌር ሞከረ።

የነገሩ ልብ 1 ሜጋኦም ሬዚስተርና 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ናቸው። ሁለቱ ሲባዙ 10 ሰከንድ ይሰጣሉ፤ የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ቀስ እያለ መውጣት ነበረበት። ግራፉ ግን ገና ከመነሻው የባትሪው 5 ቮልት ላይ ወጥቶ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ካፓሲተሩን ጭራሽ አላየውም እኮ!»

ካፓሲተሩን ቀየረ፣ ሽቦዎቹን እንደገና አገናኘ። ለውጥ የለም። ሶፍትዌሩም ስህተት አለ አላለም፤ የዚህ ጥፋት ክፋቱም ይኸው ነው።

«ሁሉንም አውጣና ባትሪውንና ሬዚስተሩን ብቻ ተው» አልኩት።

5 ማይክሮአምፔር መምጣት ነበረበት። የመጣው 5 ኪሎአምፔር ነው። የሰፈር በያጅ ማሽን እንኳ በመቶዎች በሚቆጠር አምፔር ነው የሚሠራው! ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች አካፈላቸው፤ ልዩነታቸው ልክ አንድ ቢሊዮን እጥፍ ሆነ። በሚሊና በሜጋ መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው። የሬዚስተሩን ዋጋ «1000 ኬ» ብሎ ሲጽፈው 5 ማይክሮአምፔር መጣ። መጀመሪያ እንደጻፈው «1 ኤም» ሲል አምስት ሺህ አምፔር ተመለሰ፤ ኤሟን በትልቁም በትንሹም ፊደል ቢጽፋት ያው።

ምክንያቱ ሩቅ ነው። የኤልቲስፓይስ አባት የሆነውን ስፓይስን በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያወጣው ላውረንስ ናጌል ነው፤ መምህሩም ዶናልድ ፔደርሰን ነበሩ። ያኔ ሰርኪዩት ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በተበሳ ካርድ፣ በትልልቅ ፊደላት ብቻ ነበር። ትልቁንና ትንሹን ኤም መለየት ስለማይቻል ኤም ለሚሊ ሆነ፤ ሜጋ ደግሞ በሦስት ፊደል፣ ኤም-ኢ-ጂ ተብሎ ተጻፈ። ካርዱ ቀረ፣ ደንቡ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ልጁ ኤም-ኢ-ጂ ብሎ አስተካከለው። መስመሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ 10ኛው ሰከንድ ላይ 3.16 ቮልት ደረሰ፣ ቀመሩ እንደሚለው የ5 ቮልት 63 በመቶ።

ካፓሲተር ላይም ተጠንቀቁ፦ ለአንድ ፋራድ «1 ኤፍ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስፓይስ ኤፍን ፌምቶ ብሎ ያነበዋል፣ የፋራድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። ግራፉ አልገባችሁ ሲል ደግሞ ሰርኪዩቱን ከማፍረሳችሁ በፊት እያንዳንዱን ሬዚስተር ከባትሪ ጋር ብቻውን አገናኝታችሁ አምፔሩን ተመልከቱ።