ጎል አግቢው ዜሮ ለዜሮ ሲያስተምር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አስፋልቱን ለቀቅ ብሎ አንድ ሜዳ አለ። ቋሚዎቹ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ አግዳሚው ገመድ ነው፤ ኳስ ከገመዱ በላይ ይለፍ በታች ሁልጊዜ ያጣላል። አሥር ሰዓት ላይ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ሲል ሃያ ምናምን ልጆች እዚያ ይጠብቁኛል። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ አጥቂ ነበርኩ፤ አሁን አሠልጥናለሁ።

ባለፈው ሰሞን ኳስ ካልደረሰው የሚያኮርፈው አንዱ፣ “ጋሼ፣ አንተ ስትጫወት ጎል እንዴት ነበር የምታገባው?” አለኝ። መልስ ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር ኳሷ የምትመጣበት ቦታ ቆሜ እገኝ ነበር፣ በቃ። ይህን ደግሞ ለልጅ እንዴት ያስረዱታል? ያን ለት ማታ መንግሥቱ ወርቁ ትዝ አለኝ። (ስሙን ሳነሳላቸው ልጆቼ ኮሎኔሉን ነው የሚያስቡት። እነሱ የሚያውቁት ኳስ “አዞዎቹ” ከሚሏቸው ከአርባ ምንጭ ከተማ ልጆች ይጀምራል።)

ጎንደር የተወለደው መንግሥቱ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወተ አጥቂ ነው። ትልቁ ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። አርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ሚካኤል፣ እሁድ ደግሞ አዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ከፊታችን የቆመችው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። ግብፆቹ አስቀደሙ፤ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ እፎይ ሳንል በ75ኛው መልሰው መሩን። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ባያገባ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አምበሉ ሉቺያኖ ተቀበለ።

መንግሥቱ በዚያ ውድድር በሁለት ጨዋታ 3 ጎል አግብቶ የኮከብ ጎል አግቢነቱን ከግብፁ ባዳዊ ጋር ተጋራ። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አለው። ድሮግባ 11 ነው ያለው።

ያን ቡድን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማም ራሱ ጎል አግቢ ነበር። ለጊዮርጊስ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገባ ይነገርለታል። በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት ስለመራ፣ ሰው ሁሉ በከረባቱ ነው የሚያስታውሰው። እኔ ግን ጎል አግቢ የነበረ አሠልጣኝ አንድን ጎል አግቢ ተቀምጦ ሲያይ ምን ይሰማው እንደነበር ነው የሚገርመኝ። እጁን ሰብስቦ ማየት ቀላል አይደለም። እኔ ማሠልጠን የጀመርኩ ሰሞን ዓይኔ ከአጥቂዎቼ አይነቀልም ነበር፤ የግራ ተከላካዬን ስም የያዝኩት በሁለተኛው ወር ነው።

መንግሥቱም ጫማ ከሰቀለ በኋላ ወደ ማሠልጠኑ ገባ። ጊዮርጊስን አሠለጠነ፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ለአፍሪካ ዋንጫ ሄደ። ምድቡ ቤንጋዚ ላይ ነበር። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር ዜሮ ለዜሮ ወጣ። 10 ጎል ያለው ሰው የመራው ቡድን አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ። ጎል አግቢ ጎል ማግባትን ማስተማር አይችልም የሚሉ ሰዎች ይህን ማስረጃ ቢያደርጉት አልፈርድባቸውም።

እኔ ግን አልጄሪያን እዩልኝ እላለሁ። ያቺው አልጄሪያ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን ጉድ አሰኝታለች። ከጥቂት ወራት በፊት 90 ደቂቃ ሙሉ ሞክራ የኢትዮጵያን መረብ መንካት አልቻለችም። ዕድሜውን ሙሉ የተከላካይን ስህተት ሲያድን የኖረ ሰው ተከላካይ የት ላይ እንደሚዘናጋ ከማንም በላይ ያውቃል። ጎል የማግባት ጥበቡን ለልጆቹ ማውረስ አልሆነለትም ይሆናል፤ የጎል አግቢን ተንኮል ግን አሳይቷቸዋል ባይ ነኝ። መንግሥቱ ያረፈው ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።

በማግስቱ ያንን አኩራፊ ልጅ ግራ ተከላካይ አድርጌ አሰለፍኩት። “ምን አጠፋሁ?” አለ። አላጠፋህም፣ አንተን የመሰለ አጥቂ ሲመጣብህ እየው አልኩት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ወደ አጥቂነት ስመልሰው ኳስ እየጠራ መሮጡን ትቶ ከተከላካዩ ጀርባ ዝም ብሎ መቆም ጀመረ። ገና አላገባም።

ውሃ ስንጠጣ ነው እንግዲህ፣ “ከሊቢያ ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ስንት አገባን?” ያለኝ። በጣቴ ቆጠርኩለት። ሊቢያ ላይ ምንም። ከ31 ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ አንድ፤ ቀኑም ጥር 13 ነበር። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ጌታነህ ከበደ አንድ። ሊቢያን ጨምሮ በዘጠኝ ጨዋታ ሦስት ጎል፤ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ብቻውን በሁለት ጨዋታ ያገባውን ያህል።