የኦበራመርጋው ሰዎች ቴአትር

በጀርመን አገር፣ በባየርን ክፍል፣ ከተራራ ሥር ኦበራመርጋው የምትባል መንደር አለች። የሕዝቧ ቍጥር ከ5,000 ጥቂት የሚበልጥ ነው። እንጨት ቀራጩም፣ ሐኪሙም፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱም እያንዳንዱ በሥራው ይኖራል። በየዐሥር ዓመቱ ግን ከእነርሱ ከ1,500 የሚበልጡት ተባብረው የክርስቶስን ሕማማት በቴአትር ያሳያሉ።

የነገሩ መነሻ ቸነፈር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1633 ዓ.ም. በሽታው ወደ መንደሪቱ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። የተረፉትም ተሰብስበው፣ እግዚአብሔር መቅሠፍቱን ቢያርቅላቸው በየዐሥር ዓመቱ ሕማማቱን ሊያሳዩ ተሳሉ። በሚከተለውም ዓመት ሙታኑ በተቀበሩበት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር መጀመሪያ አሳዩ።

ቴአትሩ ከሚታይበት ዓመት አስቀድሞ ባለው ዓመት፣ የምዕራባውያን ዐቢይ ጾም በሚገባበት ረቡዕ፣ በመንደሩ ዐዋጅ ይነገራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቴአትሩ የሚገቡ ሁሉ ፀጉራቸውን አይቈረጡም፤ ወንዶቹም ጢማቸውን ያሳድጋሉ። የሮማ ወታደር የሚሆኑት ብቻ ይላጫሉ። ፀጉር ማሳደግ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አናጢው በመንገድ ሐኪሙን ሲያገኝ ጢሙን አይቶ የሥራ ባልንጀራው መሆኑን ያውቃል።

የክርስቶስንና የሌሎችን ታላላቆች ቦታ የሚይዙት ሁለት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በየተራ ይወጣሉ። ተመልካቹ በጣራ ሥር ሲቀመጥ መድረኩ ለብዙ ዘመን ያለ ጣራ ነበርና፣ ዝናብ ሲዘንብ ተጫዋቾቹ እየበሰበሱ ይሠሩ ነበር።

ወደ መድረክ የሚወጣ ሰው በመንደሪቱ የተወለደ ወይም 20 ዓመት የኖረባት መሆን አለበት። ባል ያገቡ ሴቶችና ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት ያለፈ ሴቶች ግን፣ የመንደሪቱ ተወላጆች ሆነው ሳሉ፣ ብዙ ዘመን ተከለከሉ። ስእለቱ ስለ ሁሉ የተደረገ ነውና ይህ የሚያስደንቅ ነገር ነው። በመጨረሻ ሴቶች ለዳኛ አቤት ብለው በ1990 ዓ.ም. ተፈረደላቸው። የጥንቱም ድርሰት የአይሁድን ሕዝብ ሁሉ በደለኛ የሚያደርግ ቃል ነበረበት፤ እርሱንም የኋለኞቹ ልጆች አረሙት። አባቶች የጻፉትን ማረም ፀጉር ከማሳደግ ይልቅ ይከብዳል።

በ2020 ዓ.ም. ልምምዱ ሲፋጠን፣ ፀጉሩም አድጎ ሳለ፣ ኮሮና የተባለው በሽታ በዓለም ተነሣ። ስለ ቸነፈር የተጀመረው ቴአትር በሌላ በሽታ ምክንያት ተቋረጠ። የመንደሩ ሰዎችም ሁለት ዓመት ታገሡ፤ በ2021 የካቲት ዐዋጁ እንደ ገና ተነገረና ጢማቸውን ከመጀመሪያው ማሳደግ ጀመሩ። በ2022 ግንቦትም ወደ መድረኩ ወጡ።