አስታራና ጓርየ ለምን አንድ ዝርያ ሆኑ?

እንሰትን ለጉራጌ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ የታወቀ ነው። ያልተነገረለት ግን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ዝርያ የሚሉትን ነገር ለማስረዳት ምን ያህል ምቹ እንደሆነ ነው። ለሕክምና የሚፈለጉት አስታራ፣ ጓርየና ቅብናር ከሌሎች የእንሰት ዓይነቶች ጋር በአንድ ጓሮ ይበቅላሉ፤ በመልክም በጠባይም በዘረመልም ይለያያሉ። ከዚህ ተነስቶ እያንዳንዱን ስም እንደ አንድ ዝርያ የሚቆጥር ጸሐፊ ብዙ ነው፤ ቢያርመው ይሻላል። የሥነ ሕይወት ሊቁ ኧርነስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ባስቀመጠው ብያኔ መሠረት ዝርያን የሚለየው የልዩነቱ ብዛት ሳይሆን እርስ በርስ ተዳቅሎ መቀጠል መቻሉ ነው። ጓሮ የሞላው እንሰት ሁሉ ደግሞ አንድ ዝርያ ነው።

«የጓሮ እንሰት ሳያብብ ይቆረጣል፤ ችግኙም የሚገኘው ከተቀበረ አሚቾ እንጂ ከዘር አይደለም፤ ታዲያ መዳቀሉ በምን ይታወቃል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጠንካራ ነው፤ ብያኔው ሳይዳቀሉ በሚራቡ ሕያዋን ላይ በእርግጥ ይቸገራል። እንሰት ግን ካልቆረጡት ያብባል፣ ያፈራል፤ የደቡብ ምዕራቡ የዱር እንሰት በዘር ነው የሚራባው። የከለከለው ገበሬው እንጂ ተፈጥሮው አይደለም። ከአሚቾ የበቀለ ችግኝ የእናቱን ዘረመል ሳይቀይር ስለሚወርስ፣ አንድ ተክል መንደር በተሻገረ ቁጥር አዲስ ስም ሊወጣለት ይችላል፤ በዘረመል ሲመረመሩ አንድ ሆነው የተገኙ ባለ ብዙ ስም እንሰቶች አሉ። ስም ቆጥሮ ብዝኀነትን መለካት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሙዝ በተቃራኒው እንሰትን ቢመስልም ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 የዕፅዋት ሊቁ ግሜሊን እንሰትን ከሙዝ ወገን መድቦት ነበር፤ በ1947 ቺስማን ለይቶ አወጣው። የእንሰት ክሮሞዞም 18፣ የዱር ሙዝ 22 ነው። አጠውልግ በሽታ ሁለቱንም ያጠቃል፤ በእንሰት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በሙዝ ላይ በ1974 ተመዝግቧል። ይህ ግን የሚያሳየው የቤተሰብ ዝምድናን ነው፤ በሽታ መጋራት አንድ ዝርያ አያደርግም። ባልጸዳ ቢላዋ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሻገር ገበሬ ግን ለሁለቱም ጠንቅ ነው። በሽታውን በመቋቋም የሚታወቀው ማዚያ የተባለው የወላይታ እንሰት ከጉራጌ እንሰት ጋር አንድ ዝርያ በመሆኑ፣ አበባቸው እስኪወጣ የታገሠ አዳቃይ ያን ጠባይ ወደ ጉራጌው እንሰት ሊያሻግር የሚሞክርበት መንገድ አለው።