ሃይማኖት ከቤት፣ ሥርዓት ከትምህርት ቤት

በአዲስ አበባ፣ በአውቶቡስ ተራና በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች፣ ማለትም በሰባተኛ፣ በጎጃም በረንዳ፣ በአማኑኤልና በምናለሽ ተራ፣ ልጅ ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ባልና ሚስት ማታ ሱቃቸውን ዘግተው ከሚመካከሩባቸው ነገሮች አንዱ «ሚሲዮን እናስገባው ወይስ እዚሁ ሰፈር ይማር?» የሚለው ነው፤ «ሚሲዮን» የሚሉትም የካቶሊክ ማኅበራት የሚመሩትን ትምህርት ቤት ነው። ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ቢመስልም፣ የገንዘብን፣ የመንገድን፣ የሃይማኖትንና የልጅን ጠባይ ነገር ባንድነት ጠቅልሎ የያዘ ስለሆነ፣ ባንድ ማታ ምክር ተፈትቶ የሚያድር አይደለም።

ነገሩን ይበልጥ ልዩ የሚያደርገው የጠያቂዎቹ ማንነት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ከመቶ 74.7 ኦርቶዶክስ፣ 16.2 ደግሞ ሙስሊም ሆኖ ሲገኝ፣ የካቶሊክ ምእመናን ግን ከመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የቅዱስ ራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን ባንድነት በሚሰሙበት በመርካቶ፣ ስለ ካቶሊኮቹ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ካቴድራል፣ ስለ ናዝሬት ወይም ስለ ቅዱስ ዮሴፍ፣ አጥብቆ የሚጠይቀው ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ካቶሊክ እንዳልሆነ ከዚህ ቁጥር ብቻ መረዳት ይቻላል። ከጉራጌ አገር፣ በተለይም የካቶሊክ ሚሲዮን በትምህርት ቤቱ ከታወቀበት ከእምድብር አካባቢ መጥቶ በመርካቶ የሚነግደው ሰው ሚሲዮንን ከአባቱ አገር ያውቀዋል፤ የቀረው ግን የሚያውቀው በስሙና በዝናው ነው።

ታዲያ ይህ ወላጅ የሚፈልገው ምንድን ነው? ሲጠየቅ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ሥርዓት» የሚለው ነው። ከንጋት አስቀድሞ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ጥሩምባ በሚነፉበት፣ የረዳቶች ጥሪና የተሸካሚዎች «ዞር በሉ» የሚል ጩኸት ቀኑን ሙሉ በማያርፍበት ሰፈር፣ አባት ከሱቁ፣ እናትም ከጉልቷ እስከ ምሽት በማይነሡበት ኑሮ፣ ልጁ በሰዓቱ የሚገባበት፣ መምህሩ የማይቀርበት፣ የቤት ሥራው የሚታረምበትና ያጠፋ እንደ ሆነ ወላጁ የሚጠራበት ቦታ መገኘቱ ከብዙ ሀብት ይቆጠራል። በዚህ ላይ ትምህርት ቤቶቹን የሚመሩት ሲስተሮችና ብራዘሮች (መነኮሳይያትና ወንድሞች) ኑሯቸው ለማኅበራቸው እንጂ ለትርፍ አይደለም የሚለው እምነት ሲጨመርበት፣ ወላጁ የሚከፍለው ገንዘብ ለልጁ የሚውል መስሎ ይታየዋል።

ይሁን እንጂ ከሥርዓቱ ጀርባ «ሃይማኖቱን ይለውጡብኝ ይሆን?» የሚል ሥጋት አለ፤ ሥጋቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን፣ ማለትም በጀስዊት ካህናት፣ ስብከት የሮምን ሃይማኖት በዐዋጅ ከተቀበሉ በኋላ በአገሪቱ የፈሰሰው ደምና በ1624 ዓ.ም. የእስክንድርያን ሃይማኖት መልሰው መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ መልቀቃቸው፣ የአውሮፓ ካህን ባየ ቁጥር ኢትዮጵያዊው እንዲጠራጠር ያደረገ ታሪክ ነው። በ1832 ዓ.ም. ወደ ትግራይ የገቡት አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ በግዕዙም ሥርዓት ጸንተው መኖራቸው፣ ይህ ቁስል በኀይል ሳይሆን በትሕትና ብቻ እንደሚሽር ስላወቁ ነበር።

በኋላም መንግሥት ነገሩን በሕግ ወሰነው። በ1936 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገሪቱ ሚሲዮን ሃይማኖቱን የሚሰብክበትና የማይሰብክበት ተብላ ስትከፈል፣ አዲስ አበባ ክፍት ከሆኑት ስፍራዎች ተቈጠረች፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ከጦርነቱ በኋላ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ ከካናዳ ያስመጧቸው ኢየሱሳውያን መነኮሳት፣ ኋላም በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት አባ ሉሲየን ማት ጭምር፣ ሥራቸውን የጀመሩት የምንኵስና ልብሳቸውን ትተው በመምህርነት ብቻ ሊያገለግሉ ተስማምተው ነው። ይህም በካቶሊክ መምህርና በኢትዮጵያዊ ወላጅ መካከል የቆመ ያልተጻፈ ኪዳን ነው ለማለት ይቻላል፤ መምህሩ ዕውቀትንና ሥርዓትን ይሰጣል፣ ሃይማኖትን ግን ለቤት ይተዋል።

ዛሬ ይህን ኪዳን የሚያጸና ጽሑፍም አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በገዛ እምነታቸው በሃይማኖትና በመልካም ሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። የሮም ቤተ ክርስቲያንም በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በ1958 ዓ.ም. ስለ ትምህርት ባወጣችው መግለጫ፣ የልጆች ቀዳሚና ዋና መምህራን ወላጆች መሆናቸውን መስክራለች። ስለዚህ ወላጅ ለምዝገባ ሲሄድ «የጸሎት ሰዓት አላችሁ? ልጄ ይገደዳል? ግብረ ገብ የምታስተምሩት ምን ምን ነው? በጾም ቀን የሚበላው ከቤት የሚመጣ ነው ወይስ ከእናንተ? የዓርብ ስግደትስ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱን መጠየቁ እንጂ ድፍረት አይደለም፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ።

የምዝገባው ነገር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስመ ጥር በሆኑት ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ቦታ ብዙ ሕዝብ ስለሚመጣ፣ በር ላይ ተሰልፎ ማደርን፣ ዕጣ መጣልን፣ የሕፃን ፈተናን የከተማው ወላጅ ያውቀዋል። ዕጣው ከወጣለትም በኋላ የመንገዱ ነገር አለ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአውቶቡስ ተራ በልደታ በኩል እስከ ሜክሲኮና ለገሐር የሚያደርሰው ቀላል ባቡር ለአንዳንዱ ቢያቃልልለትም፣ የስድስት ዓመት ሕፃን በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል ብቻውን ሊሄድ ስለማይችል፣ አድራሽና መላሽ መፈለግ ወይም የሰርቪስ ክፍያን በወር ክፍያው ላይ መደመር ግድ ይሆናል። የክፍያ ጭማሪውም ዓመት በዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚያከራክር ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ዋጋ ብቻ አስልቶ መወሰን ሞኝነት ነው።

ዝናንም በዝናነቱ ብቻ መቀበል አይገባም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3፣ ከሚቀጥለውም ዓመት ተፈታኞች ከመቶ 3.2 ብቻ በመሆናቸው፣ ወላጅ ገና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ውጤቱ ያማረ ትምህርት ቤት ቢያሳድድ አይፈረድበትም። ነገር ግን አስቀድሞ ፈትኖ ብልሆቹን ብቻ የሚቀበል ትምህርት ቤት በመጨረሻው ብልሆችን ቢያስመርቅ፣ ምስጋናው ለመምህሩ ይሁን ለመራጩ በምን ይለያል? በዕጣ የመጣለትን፣ ፊደል ያልቆጠረውንና ቋንቋ የከበደውን ልጅ ተቀብሎ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ የሚያቀና ትምህርት ቤት ግን ሥራው ራሱ ይመሰክርለታል። ስለዚህ ወላጅ የደረጃ ተማሪዎችን ስም ከማንበብ ይልቅ፣ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ምን እንደሚደረግለት ቢጠይቅ የበለጠ ያውቃል።

ደግሞም እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለማን እንደ ታሰቡ ማስታወስ ይገባል። የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የሚመሩት ወንድሞች ማኅበር መሥራች ዮሐንስ ደ ላ ሳል፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ሥራ የጀመረው ለእጅ ሙያተኞችና ለድሆች ልጆች፣ ያውም በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት ቋንቋ ያስተምር ዘንድ ነበር። የመርካቶው ሸማኔ፣ የቆርቆሮ ቀጥቃጩና የተሸካሚው ልጅ የዚያ ዓላማ ባለቤቶች ናቸው፤ ዛሬ ግን ክፍያው እነርሱን ከበር እንደሚመልስ ከተባለ፣ ይህ ለወላጅ ብቻ ሳይሆን ለማኅበሮቹም የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ቦታውን ያገኘ ወላጅም ኪዳኑ በሁለት ወገን እንደሚጠበቅ ሊያስብ ይገባዋል። ሲስተሯ ልጁን በሰዓት መግባትን፣ እውነት መናገርንና ጓደኛን ማክበርን ብታስተምረው፣ ለምን እንደሚጾም ወይም ለምን እንደሚሰግድ የምትነግረው ግን እርሷ አይደለችም፤ ይህ የእናትና የአባት፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የመድረሳ ድርሻ ነው። ቤቱ ዝም ካለ ትምህርት ቤቱ ሃይማኖቱን ባይነካበትም እንኳ ልጁ ያለ ሃይማኖት ማደጉ አይቀርም፤ ያን ጊዜም ወቀሳው በሚሲዮኑ ላይ ሊያርፍ አይገባም።