ጠግቦ የሚራብ ሕፃን፦ የገንፎና የብቅል ኬሚስትሪ

ሕፃኑ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። እናቱ ከጡቷ በተጨማሪ በቀን ሦስት ጊዜ አጥሚት ትሰጠዋለች፤ እርሱም ሆዱ እስኪነፋ ጠጥቶ ፊቱን ያዞራል። ጠግቧል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በየወሩ ሲመዘን ክብደቱ እምብዛም አይጨምርም። ምግብ አልተከለከለም፤ እናቱም ሥራዋን አላጓደለችም። ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? በዚህ ጽሑፋችን መልሱን ከድስቱ ውስጥ እንፈልጋለን።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨራቸውን፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች መሆኑን አሳይቷል። የመቀንጨር መንስኤዎች ብዙ ናቸው፤ ድህነት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የእናቲቱ የራሷ የምግብ እጥረት ይገኙባቸዋል። እኛ የምንመለከተው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ውሃ ነው።

እስቲ ጥቂት እናስላ። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘውን ምግብ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 30 ግራም ብለው ይገምታሉ። ስለዚህ 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በአንድ ገበታ 240 ግራም ያህል ይወስዳል። በዚህ ዕድሜ የሚገኝ ጡት የሚጠባ ሕፃን ደግሞ ከተጨማሪ ምግብ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። 100 ግራም የእህል ዱቄት ወደ 350 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በቀላሉ የሚጠጣ ቀጭን አጥሚት ግን ከመቶ እጅ አምስቱ ብቻ ዱቄት ሊሆን ይችላል። በ240 ግራም አጥሚት ውስጥ ያለው ዱቄት እንግዲህ 12 ግራም፣ ጉልበቱም 42 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሕፃኑ የሚያስፈልገውን ለማግኘት በቀን ከሰባት ጊዜ በላይ ሆዱን መሙላት ይኖርበታል ማለት ነው።

ዱቄቱ ወደ ሃያ በመቶ ከፍ ቢል አንዱ ገበታ 168 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ መመገብም 300ውን ያልፋል። ነገር ግን ይህን ያህል ዱቄት የገባበት ምግብ ማንኪያ የሚያቆም ገንፎ ነው። ጥርሱን ገና ያላወጣ ሕፃን ያንቀዋል፣ ይተፋዋል። ስለዚህ እናቶች ውሃ መጨመራቸውን አላዋቂነት ብሎ መቁጠር ተገቢ አይመስለንም፤ ልጁ ሊውጠው የሚችለውን ነው የሰጡት።

ገንፎ የሚወፍረው በስታርች ምክንያት ነው። የስታርች ቅንጣት በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም። ሙቀቱ 60 እና 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግን ውሃ እየመጠጠ ያብጣል፤ ረጃጅም ሰንሰለት የሆኑት ሞለኪውሎቹም እንደተወሳሰበ ክር እየተያያዙ ውሃውን አስረው ይይዙታል። ውፍረቱን የሚፈጥረው እንግዲህ የሰንሰለቶቹ ርዝመት ነው። ሰንሰለቶቹን ከመካከላቸው ጥቂት ቦታ ላይ ብንቆርጣቸው ውስብስቡ ይፈታል፤ ገንፎውም ይቀጥናል። ካሎሪው ግን አይቀንስም፤ የተቆረጠው ክር ያው ክር ነውና።

መቁረጫው በብዙ ቤቶች ጓዳ ይገኛል፤ ብቅል ነው። ገብስ ረጥቦ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ሽሉ የሚያድግበት ምግብ ይሻል፤ ያ ምግብ ደግሞ በስታርች መልክ ተከማችቷል። ከሽሉ በሚመጣ ሆርሞን አማካይነት በስታርቹ ዙሪያ ያለው ስስ ሽፋን አልፋ አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያመርታል። ይህ ኢንዛይም ስታርቹን ከመካከል ይቆርጣል። ጠላ ጠማቂዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት ይህንኑ ነው። አልኮሉ የሚመጣው ከብቅሉ ሳይሆን ኋላ ላይ እርሾው ከሚያካሂደው ብላት መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ ጠላ በማይጠመቅበት ቤት ብቅልን ለሕፃን ማቅረብ የሚያስነቅፍ እንዳይመስል። ተመሳሳይ ኢንዛይም በምራቃችንም ውስጥ አለ። ሕፃን በማንኪያ ሲበላበት የቆየ ገንፎ በሳህኑ ውስጥ እየቀጠነ የሚሄደው ምራቁ በማንኪያው ተመልሶ ስለሚገባበት ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ገንፎው ወፍራም ሆኖ በደንብ ይበስላል፤ ከእሳት ወርዶም ሳያቃጥል ሊቀመስ እስኪችል ይቀዘቅዛል። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ተጨምሮ ይማሰላል። በደቂቃዎች ውስጥ የቆመው ማንኪያ ሲወድቅ፣ ገንፎውም ሲፈስ ይታያል። በፈላ ገንፎ ላይ ብቅሉን መጨመር ጥቅም የለውም፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። በዚሁ ምክንያት ለዚህ የሚውለው ብቅል በፀሐይ እንጂ በምጣድ አይደርቅም።

ትልቁ ስሕተት ግን ብቅሉን ቀድሞ በቀጠነ አጥሚት ላይ መነስነስ ነው። እንዲህ ሲደረግ የሚገኘው ይበልጥ የቀጠነ አጥሚት ብቻ ነው። የብቅሉ ፋይዳ ዱቄቱን ለመጨመር መፍቀዱ ነው፤ ዱቄቱ ካልጨመረ ምንም አልተደረገም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በስዋሂሊ ኪሜአ በሚባለው ብቅል የሕፃናትን ገንፎ የማቅጠን ዘዴ አጥንተዋል። በአገራችንም ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ፋፋን አዘጋጅቶ ነበር። ፋፋ የእህል፣ የጥራጥሬና የወተት ዱቄት ድብልቅ በመሆኑ ብቅል ብቻውን የማይሰጠውን ፕሮቲን ይጨምራል። ብቅል ጉልበቱን ይዞ ገንፎውን ከማቅጠን በቀር እንቁላልን፣ ወተትን፣ ሽምብራንና ጎመንን አይተካም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት እንኳ 40 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይጨምራል።

አደጋም አለው። እህል የሚበቅለው በእርጥበትና በሙቀት ነው፤ ይህ ለጀርምና ለሻጋታም የተመቸ ነው። የሻገተ ብቅል ይጣላል፤ ሻጋታ የሚያመነጨውን መርዝ ማፍላት አያጠፋውምና። ጤናማው ብቅል ተጨምሮ ገንፎው ከቀጠነ በኋላም እንደገና መፍላት አለበት፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ስለጨረሰ ተመልሶ አይወፍርም። የማሽላ ቡቃያ ደግሞ ሳይናይድ የሚለቅ ውህድ ስላለው ለሕፃን የገብስ ብቅል ይመረጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተዘጋጀው ገንፎ በሁለት ሰዓት ውስጥ መበላት ይኖርበታል። ጠዋት የተረፈውን ለማታ ማቆየት አይገባም፤ ትልልቆቹ ልጆች ወዲያው ይጨርሱት።