ከክሬአቲኒን አስቀድሞ የሚመሰክር ደም

ሉፐስ የተባለው ደዌ አፍሪካውያንን እምብዛም አይነካም እየተባለ ይነገር በነበረበት ዘመን፣ በናይሮቢው የኬንያታ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1984 ያገኟቸውን የዚህኑ ደዌ ሕሙማን ታሪክ ሰብስበው በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ሉፐስ፣ ሰውነትን ይጠብቅ ዘንድ የተሰጠው ኃይል በገዛ ሰውነቱ ላይ ሲነሣ የሚመጣ፣ ይልቁንም በወጣት ሴቶች ላይ የሚበረታ ደዌ ነው፤ ከጉዳቱም ሁሉ አስጊው የኩላሊቱ ነው፣ ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ይጎዳልና።

የኩላሊትን ሥራ ለመለካት ዘወትር የሚታዘዘው የደም ክሬአቲኒን ምርመራ የኩላሊት የማጣራት ኃይል እስከ እኩሌታው ጎድሎ እንኳ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ከእርሱ የሚቀድሙት ምስክሮች የዚያው ጠባቂ ኃይል ክፍሎች የሆኑት፣ በባለ ሁለት ሰንሰለቱ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚነሣው አንቲቦዲና ሲ3 እና ሲ4 የተባሉት የኮምፕልመንት ፕሮቲኖች ናቸው፤ አንቲቦዲው ከተያያዘው ዲ.ኤን.ኤ. ጋር በኩላሊት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ላይ ሲከማች ኮምፕልመንቱ በዚያ ስለሚያልቅ፣ የፊተኛው ከፍ የኋለኞቹም ዝቅ ሲሉ ሐኪሙ ይጠረጥራል።

አንቲቦዲውን ከሚፈልጉባቸው መንገዶች አንዱ እጅግ ያስደንቀኛል። ክሪቲዲያ ሉሲሊዬ የምትባል፣ በዝንብ አንጀት የምትኖር፣ ሰውን የማትጎዳ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት አለች፤ የእንቅልፍ በሽታን ከሚያመጣው ትሪፓኖዞማ ጋር ትዛመዳለች። ከኒውክሊየሷ ሌላ ባለ ሁለት ሰንሰለት ዲ.ኤን.ኤ. የታጨቀባት አንዲት ነጥብ ስላለቻት፣ የሕመምተኛው የደም ውሃ በመስታወት ላይ በተዘረጋችው ፍጥረት ላይ ፈስሶ ከታጠበ በኋላ የሚያበራ ቀለም ሲጨመርበት፣ አንቲቦዲው ካለ ያች ነጥብ በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ሆና ትበራለች።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2003 የታተመ አንድ ጥናት፣ ኋላ በሉፐስ የታመሙ 130 የአሜሪካ ወታደሮች አስቀድሞ የተቀመጠ ደማቸው ሲመረመር፣ ከመቶው በ88ቱ ላይ ሰውነትን የሚቃወም አንቲቦዲ ደዌው ሳይታወቅ በፊት እንደ ነበረ አሳይቷል። ይሁን እንጂ አንቲቦዲው ለዓመታት ከፍ ብሎ ኩላሊቱ ደኅና የሆነ፣ ሲ4ውም ከተፈጥሮው ያነሰ ሰው ስላለ፣ ደሙ እየተደጋገመ ከሽንት ጋር ይመረመራል፤ በቀን ከግማሽ ግራም የበለጠ ፕሮቲን በሽንት ከወጣ ግን ብዙ ጊዜ ከኩላሊቱ ናሙና ይወሰዳል። የደሙ ምርመራ ዋጋ ለሚከብዳት ሕመምተኛ፣ አንድ ጊዜ ተደርጎ ከሚቀር ውድ ምርመራ ይልቅ ፕሮቲኑን ለማየት በየቀጠሮው ሽንት ውስጥ የሚነከረው ርካሽ ወረቀት ይበልጥ የሚጠቅማት ይመስለኛል።